ሁለት እግርና የጆሮ ቁራጭ

የቴቁሔው አሞጽ እረኛ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውንም ያበጀው በእረኛ ዓይን ነው። ምዕራፍ 3 ላይ የሰማርያን ፍርድ ሲናገር፣ ከሕዝቡ የሚተርፈውን እረኛ ከአንበሳ አፍ ከሚነጥቀው ሁለት እግር ወይም የጆሮ ቁራጭ ጋር ያመሳስለዋል። ከተሜ አንባቢ መትረፍ የሚለውን ይዞ ይጽናና ይሆናል። ጓሳ ዳር የሰው በግ በርቢ የያዘ የመንዝ ገበሬ ግን አይታለልም። አንበሳ ባያይም ተኩላና ጅብ ያውቃል፤ ጆሮዋ ብቻ የተገኘች በግ ለባለቤቷ ምን ተብሎ እንደሚነገርላትም ያውቃል።

ሥሩ ኦሪት ዘጸአት 22 ላይ ነው። በአደራ የተሰጠችውን እንስሳ አውሬ ቢሰብራት ጠባቂው ቅሪቷን ለምስክር ያመጣል፤ ካመጣ አይከፍልም። እንግዲህ አሞጽ ያስተረፈው ቁራጭ የሞት ማስረጃ ነው። ተስፋ የሚመስለውን ነገር ራሱን ሬሳው ላይ ምስክር አድርጎ አቆመው፤ ያውም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች አሠራር ደግሞ ሌላ ነው። ደማስቆ፣ ጋዛ፣ ጢሮስ፣ ኤዶም፣ አሞን፣ ሞዓብ በተራ ይከሰሳሉ፤ አድማጩ በጎረቤቶቹ ውርደት ደስ እያለው ይከተላል። ይሁዳ ስትጠራ ትንሽ ይነቃ ይሆናል፤ ከዚያ የራሱ ተራ ይደርሳል። ክሱን ልብ በሉ። ደማስቆ የተከሰሰችው ሰው በብረት ማሄጃ በማበራየቷ ነው፤ እስራኤል ግን ድሃን በአንድ ጥንድ ጫማ በመሸጡ። ወንጀሉ ከጦር ሜዳ ወርዶ ገበያ ገባ፤ ፍርዱ ግን አልቀነሰም።

የአሞጽ መጽሐፍ በአማርኛ ታትሞ የወጣው አቡ ሩሚ ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት በደከመበት ትርጉም ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1840 ታተመ። ፕሮቴስታንቱ ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በዚያው ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር፣ አንኮበር፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ጎንደር ሲነሣ መንገዱ በመንዝና በግሼ ነበር።

ከፕሮቴስታንቶች የፍርድ ስብከት ስመ ጥሩው ጆናታን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1741 በኤንፊልድ፣ ኮነቲከት፣ ያሰማው ነው። መሠረቱ ዘዳግም 32፥35 ላይ ስለሚንሸራተት እግር የተነገረች አጭር ሐረግ ናት። ኤድዋርድስ ከእሷ ያወጣው ሐሳብ እጅግ የረቀቀ ነው፦ የሚያዳልጥ ቦታ ላይ የቆመን ሰው ማንም መግፋት አያስፈልገውም፤ የገዛ ክብደቱ ይበቃዋል። ከመርሐቤቴ አምባ ወደ ጀማ ሸለቆ በእግሩ የወረደ ሰው ይህን በጉልበቱ ያውቀዋል። ዝናው የቀረው ግን በዚያው ስብከት ከእሳት በላይ ለተንጠለጠለችው ሸረሪት ነው፤ የዛሬ ሰባኪዎችም በድምፅ ማጉያ የሚወርሱት እሳቱን ነው። ለእኔ ሸረሪቷ ትርፍ ናት። አሞጽ ቢሆን ገደሉ ጫፍ ላይ ያቆም ነበር።