መሸሻ ያለው ቤት

እርግብን የሚያህል ስሙ የተከበረ ወፍ በአገራችን የለም። ለኖኅ የወይራ ቅጠል ይዛ የተመለሰችው እርግብ ናት፤ በዮርዳኖስ መንፈስ ቅዱስ የወረደው በእርግብ አምሳል ነው፤ ወንጌልም የዋህነትን የሚያስተምረው በእርሷ ነው። ስለዚህ እርግብ ማርባት የሚጀምር ሰው ስለ ጥሬውና ስለ ድመቱ ይጨነቃል እንጂ እርስ በርሳቸው ይጎዳዳሉ ብሎ አያስብም። ከግድግዳው ጥግ ሣጥን ሰቅሎ ይለቅባቸዋል። ከወራት በኋላ የተሰበረ እንቁላል ወይም አናቱ የደማ ጫጩት ሲያገኝ ሸለምጥማጥ ገብቶብኛል ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ከውጭ የገባ ነገር የለም። ያደረጉት እርግቦቹ ናቸው።

ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጽፏል። ዝርያቸው የተለያየ ሁለት ዋኖሶችን ለማዳቀል አስቦ በአንድ የሽቦ ቤት ትቷቸው ሄደ። ሲመለስ አንዱ ወለሉ ላይ ወድቆ፣ አናቱ፣ ማጅራቱና ጀርባው ተላጦ አገኘው፤ ሌላው ላዩ ላይ ቆሞ መንቆሩን አላቆመም ነበር። የሎሬንዝ ማብራሪያ ለእኛ ለአርቢዎች ትልቅ ትምህርት ነው። ተኩላን የመሰለ ጥርስ ያለው እንስሳ የተሸነፈለትን የሚምርበት ጠባይ አለው። ዋኖስ ግን ይህ ጠባይ በዱር አያስፈልጋትም፤ የተሸነፈችው በርራ ትሄዳለችና ጠቡ እዚያው ያበቃል።

ሙያው ሁሉ ለእኔ ከዚህ ይነሣል። በዱር እርግቦችን የሚያስማማቸው የአሸናፊው ምሕረት አይደለም፣ የተሸናፊው ክንፍ ነው። ቀን ቀን የሚለቀቁት እንኳ ሲመሽ፣ ሲዘንብና እንቁላል ሲታቀፉ ከቤታቸው ውጪ መሄጃ የላቸውም። ቤት ስንሠራላቸው መሸሻቸውን ወስደንባቸዋል። የአርቢው ሥራ ያንን መሸሻ በጣውላና በአቀማመጥ መልሶ መስጠት ነው።

የቤት እርግብ ዘሯ ከገደል ነው። የዱር ቅድመ አያቷ በድንጋይ ንቃቃትና በገደል እርከን ላይ ትፈለፍል ነበር። እኛም አገር ያለችው፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የምትገኘው አንገቷ ነጭ እርግብ፣ እስከ ዛሬ በገደልና በሕንፃ ጥግ ትኖራለች። እነዚህ ወፎች ተጠጋግተው ይኑሩ እንጂ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ጥግ አለው። በመካከላቸው ድንጋይ አለ፤ ከፊታቸው ደግሞ ክፍት አየር። የእርግብ ቤት የሚሠራ ሰው ገደል እየሠራ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሳይሆን ሁለት መፈልፈያ የማዘጋጀው። ምክንያቱ ከአረባባቸው የመጣ ነው። እርግብ ሁለት እንቁላል ጥላ 17 ወይም 18 ቀን ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ለመብረር አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። ሴቷ ግን ይህን አትጠብቅም፤ ጫጩቶቹ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው ደግማ ልትጥል ትችላለች። ሁለተኛ ቦታ ካላት ወንዱ የመጀመሪያዎቹን እየመገበ እርሷ አዲሶቹን ትይዛለች። ከሌላት በልጆቿ ላይ ትጥላለች፣ ወይም ባልና ሚስቱ የጎረቤት ሣጥን ሊነጥቁ ይወጣሉ። አርቢው ክፉ ነው የሚለው ወንድ ብዙ ጊዜ ቤት ያጣ አባት ነው።

የምሠራው ሣጥን ወርዱ 60፣ ከፍታውና ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ግማሽ ድረስ የሚደርስ ጣውላ አስገባበታለሁ፤ ሁለቱ መፈልፈያዎች እንዳይተያዩ። በአፉ ላይ ጫጩት የማይሻገረው እርከን እመታለሁ። እግሩ የጠና ጫጩት ከሣጥኑ ወጥቶ በስሕተት ወደ ሌላው ጥንድ ከገባ ያ ጥንድ አናቱን ነቁሮ ይልጠዋል። የእነርሱ ልጅ አይደለም፤ ለእነርሱ ወራሪ ነው። ወለሉ ላይም ጣውላ ከግድግዳው ጋር አጋድሜ አስደግፋለሁ፤ የወደቀ ጫጩት ሥሩ ገብቶ ይሸሸጋል፣ ትልቅ እርግብ ግን አይገባበትም። በጣም ርካሹ ዕቃ ይህ ነው፤ ብዙ ነፍስ ያዳነውም ይኸው ነው።

ሣጥኖቹን ከሰቀልኩ በኋላ አላንቀሳቅሳቸውም። እርግብ ቤቷን የምታውቀው በቦታው ነው። ያለቀለም ሁሉም አንድ ዓይነት መስለው ከተደረደሩ፣ ከበረራ ስትመለስ ጎረቤት ገብታ ጠብ ታስነሣለች። የሣጥኖቹን ፊት አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቢጫ ብቀባ ስሕተቱ ይቀንሳል። ቆጡም እንዲሁ ነው። ረጅም አንድ አጣና ከዘረጋሁ ኃይለኛው ከጫፍ ጫፍ እየሄደ ሁሉንም ያወርዳል። በምትኩ እያንዳንዱ መቀመጫ በጎንና በጎኑ ጣውላ እንዲኖረው አደርጋለሁ። ጎረቤቷን ካላየች አትነቁራትም። ቁጥሩንም ከእርግቦቹ ቁጥር አበልጣለሁ፤ በቆጥ የተሸነፈች ሌላ ቆጥ ማግኘት አለባት።

ቀጥሎ ጋብቻ ነው። እርግብ በጥንድ ትኖራለች፤ ጥንዱ ካልተለያየ ብዙ ዓመት ይዘልቃል። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚበጠብጠው ሚስት ያጣ ወንድ ነው። የሰው ሣጥን ይገባል፣ ያጉረመርማል፣ ከታቀፈው ጋር ይታገላል፣ በትግሉ መካከል እንቁላል ይሰበራል። ስለዚህ የወንዱና የሴቷ ቁጥር እኩል እንዲሆን እጠነቀቃለሁ። ሴትና ወንዱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ይህ ቀላል አይደለም። በአንድ ጎጆ ውስጥ አራት እንቁላል ካየሁ ሁለት ሴቶች እንደተጣመሩ አውቃለሁ፤ እንቁላሎቹም ብዙ ጊዜ አይፈለፈሉም። አዲስ ጥንድ ሳጣምር በመካከላቸው ሽቦ አድርጌ ጎን ለጎን አኖራቸዋለሁ። ወንዱ ሲያጉረመርምና ሲሰግድ ሴቷ አንገቷን እየነቀነቀች ከሽቦው ሥር መቀመጥ ስትጀምር ሽቦውን አነሣለሁ። ቸኩሎ ማገናኘት ሎሬንዝ ያየውን መጋበዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ዓይን ማልመድ ነው። ጠብ የሚመስል ሁሉ ጠብ አይደለም። ወንዱ ሚስቱን ሥር ሥሯ እየተከተለ፣ እህል እንኳ እንዳትቀምስ እየነቆረ ወደ ጎጆ ሲነዳት ያየ ሰው ይራራላትና ይለያቸዋል። ልትጥል የደረሰችን ሴት ከሌሎች ወንዶች መጠበቁ ነው፤ እንቁላሉ ሲወጣ ይተዋል። በክንፍ ጥፊ ተጀምሮ አንደኛው ዞር ሲል የሚያበቃ ግብግብም የድንበር ጉዳይ ነው፤ አልገባበትም። የምገባው የተሸነፈው መሄጃ ሲያጣ ነው። ዓይኑ ዙሪያ ወይም አናቱ የደማ፣ ላባውን ነፍቶ ወለል ላይ የሚውል፣ ሌሎች ሲበሉ የማይመጣ ወፍ ካየሁ በዚያው ቀን ለብቻው አወጣዋለሁ። አጥቂውን ከመቅጣት በፊት የት ጥግ እንደጎደለ እፈልጋለሁ።

ይህን ለማየት ሰዓት አለው። ወንዱ እንቁላል የሚታቀፈው ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በቀረው ሰዓት፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ሴቷ ትይዛለች። ስለዚህ ወንዶቹ ነፃ ሆነው የሚገናኙት በማለዳና በአመሻሽ ነው። ቤታችሁን ልታውቁ ከፈለጋችሁ በቀትር ሳይሆን በእነዚህ ሰዓቶች በርጩማ ይዛችሁ ተቀመጡ።

እንግዳ እርግብ ሲመጣ ቢያንስ አንድ ወር በሌላ ክፍል ይቆያል። ጤነኛ የመሰለ ወፍ በጉሮሮው በሽታ ይዞ በጋራ ውኃ ለሁሉም ያካፍላል። ከዶሮ ጋርም አላኖራቸውም፤ ፈንግል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ዶሮም ወለል የወረደ ጫጩት አትምርም። ወሩ ሲያበቃ እንግዳውን የማስገባው ሲመሽ ነው፤ ያውም አስቀድሞ ባዶ ሣጥን አዘጋጅቼ። የሚበላበት ዕቃም ሁሉም ባንዴ የሚሰለፉበት ረጅም ገንዳ ይሁን። በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደካማ ወፍ አይጠግብም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሰላም የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ብዛት ነው። እርግብ በደንብ ከበላች ዓመቱን ሙሉ ትፈለፍላለች። አርቢውም ቁጥሩ ሲጨምር ተሳካልኝ ይላል። ባለፈው ዓመት የተስማማ ቤት ዘንድሮ የሚዋጋው ወፎቹ ስለከፉ አይደለም፤ የልጆቻቸው ልጆች ጥግ ስላጡ ነው። እኔ የማሳድገውን ቁጥር የሚወስነው ባዶ ሣጥን ነው። ባዶ ከሌለ አዲስ የተጣለውን እንቁላል በእንጨት እንቁላል እተካለሁ። ጥንዱ ታቅፎ ጊዜው ሲያልፍ ራሱ ይተወዋል። እንቁላሉን ወስጄ ባዶ ብተወው ግን ቶሎ ደግማ ትጥልና ሰውነቷ ይጎዳል።

ይህ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፤ እንቁላል መንጠቅ ጭካኔ ይመስለዋል። እኔ ጭካኔ የምለው መሸሻ የሌለው ጫጩት እንዲወለድ መፍቀድን ነው። የእርግብን ጠባይ መለወጥ አንችልም፤ የዋህም ጨካኝም አይደለችም፤ ድንበሯን የምትጠብቅና ስትሸነፍ የምትበር ወፍ ናት። ስንት እርግብ ልያዝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ጥጎችህን ቁጠር፣ ከዚያ ከቆጠርከው አሳንሰህ ግዛ።