የ24 ዓመቷን ወጣት 40 የሚያደርግ ማስሊያ

ፍራክስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደት፣ ቁመትና ጥቂት ሌሎች ነገሮችን ስትነግሩት፣ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት አጥንታችሁ የመሰበር ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሰላል። እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ሆነ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ከእሱ በፊት የስብራት ስጋት በዋናነት የሚገመተው ዴክሳ በሚባል የኤክስሬይ ማሽን በሚለካው የአጥንት ጥግግት ነበር። ችግሩ፣ ብዙ ስብራት የሚደርሰው ማሽኑ “ያን ያህል አልሳሳም” ባለው አጥንት ላይ ነው። ፍራክስ ከጥግግቱ ሌላ የቀድሞ ስብራትን፣ ሲጋራን፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት ይጠይቃል። ማሽኑ በሌለበት ቦታም ይሠራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ግን እንፈትነው። ሉፐስ ያለባትን የ24 ዓመት ወጣት በምናባችን እንውሰድ። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በወጣትነት ነው።

ዕድሜዋን 24 ብለን እናስገባ። ፍራክስ የተሠራው ከ40 እስከ 90 ዓመት ላሉ ሰዎች ስለሆነ፣ ልጅቷን 40 ዓመቷ እንደሆነ ቆጥሮ ያሰላል። የሚወጣው ቁጥር የሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

በሽታዋንስ የት እንጻፍ? ሩማቶይድ አርትራይተስ ለሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ የራሱ ሳጥን አለው፤ ሉፐስ ግን የለውም። ስለ ስቴሮይድም የሚጠይቀው “አዎ” ወይም “አይ” ብቻ ነው። በቀን 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን የምትወስድና 40 ሚሊግራም የምትወስድ ሴት እኩል “አዎ” ይላሉ። አጥንታቸው ግን እኩል አይጎዳም።

ለምን? ስቴሮይድ አጥንት የሚገነቡትን ሴሎች ያዳክማል፤ የሚያፈርሱትን ደግሞ ዕድሜያቸውን ያረዝማል። አንጀት ካልሲየም በደንብ እንዳይወስድም ያደርጋል። ጉዳቱ በጣም የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። በዚህ ላይ ሉፐስ የራሱን ይጨምራል። ኢንፍላሜሽን የሚባለው የሰውነት መቆጣት አጥንት አፍራሽ ሴሎችን ያነሳሳል። ፀሐይ በሽታውን ስለምትቀሰቅስ ታማሚዎች ይሸሿታል፤ ያኔ ቫይታሚን ዲ ያንሳል። ኩላሊት ከተጎዳ ደግሞ የካልሲየም ሚዛን ይናጋል። ፍራክስ ከነዚህ አንዱንም አይጠይቅም።

ሌላም አለ። አጥንት እንደ ጎተራ ነው፤ የሚሞላው እስከ 20ዎቹ ዕድሜ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይጎድላል። በሽታው ጎተራው ሳይሞላ ከመጣ ጉዳቱ ከ10 ዓመት በኋላም ይከተላታል። የ10 ዓመት ስሌት ይህን አያይም።

“ሐኪም እያለ ቁጥሩን ማን ብቻውን ያምናል?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የፍራክስ ባለቤቶች ራሳቸው፣ መጠኑ በቀን ከ7.5 ሚሊግራም ሲበልጥ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ እንደሚገባ ጽፈዋል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ የ2022 መመሪያም ስቴሮይድ የሚወስዱ ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሰዎችን ያለ ፍራክስ ይመዝናል። ግን ድረ ገጹን ከፍቶ ቁጥር የሚያይ ሰው ይህን ሁሉ አያነብም። በመቶኛ የተጻፈ ነገር እርግጠኛ ይመስላል፤ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ያዘናጋል። የጀርባ አጥንት ስብራት ሕመም ሳያሰማ ሊደርስ ስለሚችል መዘናጋቱ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ፍራክስ መጥፎ መሣሪያ ነው አልልም፤ ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ማንኛውም ማስሊያ ቁጥር ሲሰጣችሁ “የተሠራው ለማን ነው? ምን ሳይጠይቀኝ ቀረ?” በሉ። ሉፐስ ያለበት ሰው ካላችሁ ደግሞ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የስቴሮይዱ መጠን መቀነስ ይቻላል? ቫይታሚን ዲዬ ስንት ነው? አጥንቴ መመርመር አለበት? ነገር ግን ፕሬድኒሶሎንን በራስ ውሳኔ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል፤ እሱን በጭራሽ እንዳያደርግ ንገሩት።