የመስቀል ወፍ በጥር

በመስከረም ካሜራ ይዞ ከደብረ ወርቅ ከተማ ወጣ ያለ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። አደይ አበባው ፈክቷል፣ ቦዩ ገና ውኃ አለው፣ ከረጅሙ ሣር ጫፍ ላይ ደግሞ ጥቁርና ቢጫ ወፍ ላባውን ነፍቶ ይታያል። አገሬው የመስቀል ወፍ ይለዋል። ዓመት ቆይቶ ብቅ የሚለውን ወዳጃችንንም በእርሱ ስም እንወቅሰዋለን። ይህን ወፍ ዓመት ከዓመት ፎቶ ሳነሳ የተረዳሁት ግን ከየትም እንደማይመጣ ነው። ክረምት ከበጋ እዚሁ ማሳው ውስጥ ነው።

ስሙ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው አለ፤ ሳይንሱ ዩፕሌክተስ ካፔንሲስ ይለዋል። ሁለመናው ጥቁር ሆኖ አንገቱ ላይ ቀይ ማተብ ያሰረ የሚመስል ባለ ረጅም ጅራትም አለ። ምንቃሩ ቀይ፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም ትንሽ ጥቁርና ነጭ ወፍም አለ፤ የእርሱ እንስት ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን በሌሎች ወፎች ጎጆ ትጥላለች። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ወንዱ ለመራቢያው ወቅት ደማቅ ላባ ማብቀሉ፣ ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ አራግፎ እንደ እንስቷ ቡናማ መሆኑ ነው። በበጋ በታጨደው ማሳ ላይ በመንጋ ሲለቅም ድንቢጥ ነው ብለን የምናልፈው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

የመስከረሙ ፎቶ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ጥቁር ወፍ ካሜራን ያታልላል። ካሜራው ብርሃን ያነሰው መስሎት ምስሉን ያፈካዋል፤ ያኔ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ የቢጫው ላባ ዝርዝር ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ያህል ዝቅ አደርጋለሁ። የጨለመውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ይቻላል፣ ነጥቶ የጠፋ ቢጫ ግን አይመለስም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ዓይኑ ነው፤ ጥቁር ፊት ላይ ያለ ጥቁር ዓይን ነውና ካልበራ ወፉ ዓይን የሌለው ይመስላል። ራሱን ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጎ ዓይኑ ውስጥ ነጥብ የምታህል ብርሃን ብልጭ እስክትል መታገሥ ነው። ይህም የሚሆነው በማለዳ ነው፤ የደጋ ፀሐይ ከ3 ሰዓት በኋላ ይከርራል።

ጥር ላይ ሥራው ሌላ ነው። መንጋው ሁሉ ቡናማ፣ ጀርባው ጭረት ጭረት ነው፤ መሬት ላይ እያለ ወንዱን ከእንስቷ መለየት ይከብዳል። ሲነሳ ግን ያ ባለ ቢጫ ትከሻ ወፍ ምስጢሩን ያወጣል። ወንዱ የወገቡንና የትከሻውን ቢጫ በበጋም አይጥለውም፤ ክንፉ ሲከደን የተሸፈነው ክንፉ ሲዘረጋ ለቅጽበት ይታያል። ይህን ለመያዝ ፍጥነቱን 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርጌ፣ ሌንሱን መንጋው ላይ አነጣጥሬ እጠብቃለሁ። ድንጋይ ወርውሮ ማስነሳት ይቻላል፤ እኔ አላደርገውም። ወፍ የሚበረው የለቀመውን እያቃጠለ ነውና ለእኔ ፎቶ ሲባል ሊደክም አይገባም። ከብት ወደ ማሳው ሲገባ ወይም ጭልፊት ሲያንዣብብ ራሱ ይነሳል።

የአንድ ማሳ ባለቤት የሆኑ አባት የጥሩን ፎቶ ካሜራው ላይ አይተው «ይኼማ እህሌን የሚጨርሰው ነው» አሉኝ። «የመስቀሉም ወፍ እኮ እርሱ ነው፣ አባባ» አልኩና የመስከረሙን አሳየኋቸው። ሁለቱን አመላልሰው አዩ። «እንዲህ ከሆነ ልጆቹ በወንጭፍ የሚያባርሩትም፣ እሰይ ብለን የምንቀበለውም አንድ ነዋ!» ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ መንጋው የት እንዳለ የሚነግሩኝ እርሳቸው ናቸው። ገበሬ ከወፍ ጋር ያለው ጠብ የእንጀራ ጠብ ነው፤ ፎቶ አንሺ ሊፈርድበት አይገባም። እህሉን ላለመርገጥና ሳያስፈቅድ ላለመግባት ግን ግዴታ አለበት።

እውነተኛዋ የሩቅ እንግዳ ሌላ ናት። በዚያው በመስከረም ከአውሮፓና ከእስያ የምትመጣ፣ ደረቷ ቢጫ፣ ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ወፍ አለች። በግጦሽ ሜዳ ከላሞች እግር ሥር ነፍሳት ስትለቅም ትከርምና በሚያዝያ ገደማ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። እርሷን በደንብ ለማንሳት ሆድን መሬት አስነክቶ መተኛት ነው።

የዱር እንስሳ ፎቶ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰሜን ተራሮችን ከነዋልያው፣ ባሌን ከነቀይ ቀበሮው ነው። ዕድሉን ያገኘ ይሂድ። ነገር ግን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ባለበት አገር ለትርፍ ሰዓት ፎቶ አንሺ ከሁሉ የሚሻለው ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስ አንድ ማሳ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገደኛ አንድ ወቅት አይቶ ይመለሳል፤ ላባው ሲለወጥ የሚያየው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ጥቁሩ ገና እዚህም እዚያም ሳለ፣ ቡናማው በከፊል ሲቀር የተነሳ የተዥጎረጎረ ወንድ ፎቶ ለእኔ ሙሉ ጌጡን ከለበሰው ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እርሱም የጎጆ ፎቶ ነው። ጎጆው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ሣሩ ውስጥ የተሸመነ ነው። ሣሩን ገለጥ አድርጎ ጫጩት ያነሳ ሰው ለቁራ በር ከፍቶ ሄደ ማለት ነው። ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር አላደንቀውም።

እናንተም ስልክ ይሁን ካሜራ ያላችሁን ይዛችሁ በመጪው ጥር ወደየማሳችሁ ዳር ውጡ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ቡናማውን መንጋ አንሱ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ መስከረም ሲጠባም እዚያው ቦታ ተመልሳችሁ አንሱ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ኢበርድ መዝገብ ከማንኛውም ሰው ፎቶ ይቀበላልና ሁለቱንም እዚያ አስመዝግቧቸው።