«ነገር ግን» ብቻውን አይበቃም፤ ስለ እንግሊዝኛ የተቃርኖ አያያዦች አስተማማር

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦችን ሲያያይዝ የሚፈጽመው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከግድየለሽነት ይቆጠራል። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን የስሕተቱ ምንጭ ከፊሉ በማስተማሪያው ዘዴ ውስጥ ይገኛል። የተለመደው ዘዴ «በት»፣ «ሃውኤቨር»፣ «ኦልዞው»ና «ዲስፓይት» የሚሉትን ቃላት በአንድ ዝርዝር ጽፎ፣ በትይዩው «ነገር ግን» ወይም «ቢሆንም» የሚል ፍቺ ሰጥቶ ማስጠናት ነው። ይህ ዘዴ ፍቺን ያስጨብጣል፤ የዓረፍተ ነገርን አሠራር ግን አያሳይም።

አማርኛ ተቃርኖን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማመልከት ይፈቅዳል። «ምንም እንኳ ዝናብ ቢጥልም፣ ሰብሉ ግን አልበቀለም» ቢባል ነቀፌታ የለበትም። ይህንኑ ልማድ የተከተለ ተማሪ «ኦልዞው ሬይን ፌል፣ በት ዘ ክሮፕ ዲድ ኖት ግሮው» ብሎ ይጽፋል። በመደበኛው እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አያያዦች አንዱ መቅረት አለበት። እንደዚሁም የአማርኛው «ቢ...ም» በግሥ ላይ ስለሚገባ፣ ተማሪው ከ«ዲስፓይት» ቀጥሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስከትላል። ቃሉ የሚሻው ግን ስም ወይም የስም ሐረግ ነው፤ «ዲስፓይት ዘ ሬይን» እንዲሉ።

ሦስተኛው ችግር የትርጉም ነው። «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» እና «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ሁለቱም «በተቃራኒው» ተብለው ሲፈቱ ልዩነታቸው ይጠፋል። የመጀመሪያው የአንድን ጉዳይ ሌላ ገጽታ ያቀርባል፤ ሁለተኛው አንድን አባባል ያስተባብላል። «ፈተናው ቀላል አልነበረም፤ እንዲያውም እጅግ ከባድ ነበር» በሚለው ውስጥ የ«ኦን ዘ ኮንትራሪ»ን ቦታ የያዘው «እንዲያውም» ነው።

የጉዳዩ ክብደት ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያልፋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ደንግጓል። ስለሆነም የታሪክ ወይም የባዮሎጂ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ የተቃርኖውን ምልክት ከሳተ፣ ደራሲው የተቀበለውን ሐሳብ ከነቀፈው ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል።

«ባዶውን ቦታ ሙላ» የሚለው ፈተናም ድክመቱን ይሸፍናል፤ የሚለካው ቃል መምረጥን እንጂ ዓረፍተ ነገር መመሥረትን አይደለምና። ከዚህ ይልቅ መምህሩ አንዱን ሐሳብ በ«በት»፣ በ«ኦልዞው»ና በ«ዲስፓይት» ሦስት ጊዜ ቢያስጽፍና በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከአማርኛው ጋር ቢያስተያይ፣ ተማሪ በበዛበት ክፍል እንኳ ሊሠራበት ይችላል። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ዕቅድ አውጪዎችም የቃላቱን ዝርዝር ከማርዘም በፊት፣ ለዚህ ዓይነቱ ልምምድ በቂ ክፍለ ጊዜ መመደባቸውን ሊያረጋግጡ ይገባል።