«ሁሉም ተስማምቷል» ሲባል



በሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ሁላችንም ተስማምተናል» የምትለውን ቃል ያውቃታል። ግን ቃሏ ሁልጊዜ እውነት ናትን? ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ በቅርቡ ከልጆቼ ጋር ያየሁት የቆየ የአሜሪካ ፊልም ነው። «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ይባላል፤ አሥራ ሁለት የተቆጡ ሰዎች ማለት ነው። ሬጂናልድ ሮዝ ጽፎት፣ ሲድኒ ሉሜት አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1957 ለእይታ ቀረበ። ከቤተሰብ ጋር ሲታይ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

በአገራችን ጥፋተኛነትን የሚወስነው ዳኛ ነው። በአሜሪካ ግን በከባድ ክስ ከሕዝብ የተውጣጡ ሰዎች ማስረጃውን ሰምተው «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ፤ ጁሪ ይባላሉ። በፊልሙ አባቱን በስለት ገድሏል የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ነፍስ በአሥራ ሁለት ወንዶች እጅ ወድቃለች። ቀኑ ሞቃት ነው፤ አንዱ ጨዋታ ለማየት ቸኩሏል።

«እጅ አውጡ» ሲባል ጥቂቶች ወዲያው ያወጣሉ። ሌሎቹ ግራ ቀኙን አይተው ቀስ ብለው ያነሣሉ። አሥራ አንድ ለአንድ ሆነ። ለእኔ የፊልሙ ቁም ነገር እዚያች ቅጽበት ላይ ነው፤ እነዚያ ዘግይተው የተነሡት እጆች ልጁን ሳይሆን ጎረቤታቸውን እያዩ ፈረዱ። ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። ተባባሪዎቹ ሆን ብለው የመስመርን ርዝመት አሳስተው ሲናገሩ፣ የሚፈተነው ሰው ዓይኑ እያየ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል አብሯቸው ተሳሳተ። እውነቱን የሚናገር አንድ ጓደኛ ሲያገኝ ግን ስሕተቱ እጅግ ቀነሰ።

ፊልሙም ይህን በሚገባ ይዞታል። ብቻውን የቀረው ሰው ያሸነፈው በአንደበቱ አይደለም። ድምፁ በምሥጢር፣ በወረቀት እንዲሰጥ ጠየቀ፤ ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከጎኑ ቆሙ። ከዚያ በኋላ በድሃ ሰፈር ያደገው ሰው ስለት እንዴት እንደሚያዝ ተናገረ፤ ሽማግሌውም በምስክሯ አፍንጫ ላይ ያዩትን የመነጽር ምልክት አስታወሱ። አለመመሳሰላቸው ጠቀማቸው።

ሆኖም ፊልሙን የምነቅፍበት ነገር አለኝ። ተመልካቹ «አንድ ደፋር ሰው ይበቃል» ብሎ እንዲነሣ ያደርገዋል። ካልቨንና ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት በመጀመሪያው ድምፅ ብዙ የሆነው ወገን አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያሸንፍ አስረድተዋል። እንግዲህ ፊልሙ ያሳየን ከስንት አንድ የሚሆነውን ነው።

የእኛኑ «ድፍረት»ንም እንመልከት። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ታየ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የተጠለፈችና ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅ እውነተኛ ታሪክ ነው። የአገር ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ሸንጎው የወንዶች ነው። ሁሉም ጠለፋን ሲያይ ያደገ ሰው በሆነበት ሸንጎ ጥርጣሬ ከየት ይመጣል? ልጅቷን ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነፃ ያወጣት ፍርድ ቤት ነው።

ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት እዚህ ሸቤ በቡና ለቀማ ወቅት ከአንድ ግቢ አንድ ኩንታል ጀንፈል ጠፋ። አምስት ሆነን ተቀመጥን። በዕድሜ ታላቃችን ቀድመው ከሩቅ የመጣውን ቀን ሠራተኛ «እሱ ነው» አሉ። የግቢው በር ሌሊት ተከፍቶ ማደሩን ሰምቼ ነበር፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። «ተስማምተናል» ተባለ። ልጁ ደመወዙን ሳይቀበል ሄደ። ይስረቅ አይስረቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። በፊልሙም ልጁ ይግደል አይግደል አይነገረንም፤ የሚነገረን ጥርጣሬው ሳይመረመር መፍረድ በደል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሽምግልናም ሆነ በቤታችን ምክክር ታናሹን አስቀድመን እንጠይቅ፤ ታላቁ መጨረሻ ይናገር። የሚመለከታት ሴት ከሆነች ትሰማ። አንድ ሰው «እስቲ ቆዩ» ሲል ደግሞ ብቻውን አንተወው። ያን ቀን በሸቤ ከአምስታችን አንዱ ቢጠይቅ ኖሮ እኔም ስለ በሩ እናገር ነበር። ግን ጠያቂው እኔ መሆን ነበረብኝ።