ስያሜና ልቡና፦ ስለ አውሮፓ የሳይንስና የአብርሆት ዘመን ቃላት

ከ16ኛው እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ የታየውን የዕውቀት ለውጥ ለመግለጽ የተሰየሙት ሙያዊ ቃላት በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ይዘዋል። በዚህ አጭር ሂስ የምንመረምረው ቃላቱ መኖራቸውን ሳይሆን ሐሳቡን ለአንባቢ ማድረሳቸውን ነው። መመዘኛችን አንድ ነው፤ ይኸውም በወግዲ በአማርኛ የተማረ ልጅ ቃሉን ያለ አስረጂ ቢያነበው ምን ይረዳል የሚል ነው። ይህ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሐሳቡን አስቀድሞ በገዛ ቋንቋው ካልጨበጠው ኋላ የሚሸመድደው ድምፁን ብቻ ነው።

መመዘኛው አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ በ1652ም ጎታ ላይ አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ ነበሩ፤ ይህም ወግዲ በምዕራብ በኩል በምትገኝበት በዛሬው የደቡብ ወሎ ምድር የነበረ ስፍራ ነው። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእርሳቸው በተማረው ላይ የተመሠረተ ነው። ከፈላስፋው ላይብኒትስ ጋር ስለ ቋንቋዎች ይጻጻፍ የነበረው ይህ ምሁር፣ በዘመኑ የምርመራ መንፈስ ተናጋሪውን ራሱን ጠየቀ። የእኛ ስያሜ ሰጪዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የግዕዝን መዝገበ ቃላት ብቻ ነው።

ከኒውተን የ1687 ሥራ ጋር የተያያዘው ስበት መመዘኛውን ያልፋል። ሞፈር የሚስብ በሬ ያየ ሁሉ መሳብን ያውቃል። አዲሱ ነገር፣ ከገደል አፋፍ የተለቀቀውን ድንጋይ «ወደቀ» ስንል የኖርነውን «ምድር ሳበችው» ማለቱ ነው። ቃሉ የታወቀ፣ አባባሉ አዲስ በመሆኑ ስያሜው ራሱ ያስተምራል።

ሳይንሳዊ አብዮት የሚለው ስያሜ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ያለው ቃል የሰማይ አካላትን ዑደት እንጂ ዐመፅን አያመለክትም፤ በአብዮት የሚተረጉመው ሰው ይስታል። ለዘመኑ መጠሪያነት ሲታይ ግን ቃሉ ከታሰበው በላይ ይስማማል፤ ሥሩ አበየ፣ «እምቢ አለ» ነውና። በ1660 የተመሠረተው የለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበርም የማንንም ቃል እንዲሁ አምኖ አለመቀበልን መርሑ አድርጓል። ይሁንና ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ አብዮት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የመንግሥት መገልበጥ ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላት ሥሩን በፍቹ ውስጥ ሊያስረዳ ይገባዋል።

ይበልጥ የሚያከራክረው አብርሆት ነው። ቃሉ ተለምዷል፤ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍትም በዚሁ ተሰይሟል። ነገር ግን አብርሀ በግዕዝ «አበራ» ማለት ስለሆነ፣ አብርሆት የሚያበራ አንድ ወገንና የሚበራለት ሌላ ወገን መኖራቸውን ያስገምታል። ካንት በ1784 የሰጠው ፍች ከዚህ ይለያል፤ ሰው ሌላው ሳይመራው በገዛ አእምሮው ለመጠቀም መድፈሩ ነው ቁም ነገሩ። በስያሜው ብቻ የተመራ ተማሪ ራሱን ከአውሮፓ ብርሃን ተቀባይ አድርጎ ይቀራል።

የጉድለቱ መሙያ ሩቅ አይደለም። በዘርዐ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው ሐተታ ውስጥ ዐቢይ ቃል ልቡና ነው። መጽሐፉን የ17ኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያዊ ጻፈው ወይስ የ19ኛው ምዕተ ዓመት ጣሊያናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ካነሣው ወዲህ አልተቋጨም። ለቃላት ጥናት ግን ፍርዱ በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን፣ ሐሳቡን የሚሸከም ቃል በግዕዝ አግኝቷል። ሐተታ በዛሬው አማርኛ ነገር ወደ ማብዛት ስላዘነበለ ለስያሜነት አይመችም። ልቡና ግን «ልቡና ይስጥህ» በሚለው ምርቃትና ተግሣጽ ዛሬም በሕዝብ አፍ አለ። ልቡና ተሰጪ ቢሆንም የሚያስተውልበት ባለቤቱ ራሱ ነው።

ስለሆነም አብርሆት ይሻር አንልም፤ ፍቹ ግን «ሰው በገዛ ልቡናው መርምሮ እንዲቀበል የተነሣ የአስተሳሰብ እንቅስቃሴ» ተብሎ ይጻፍ እንላለን። ወደፊትም ማንኛውም ስያሜ ከመታተሙ በፊት እንደ ወግዲ ባሉ ወረዳዎች ለተናጋሪዎች ይቅረብ። የማይገባቸው ቃል ከሆነ የሚታረመው ስያሜው ነው።