በበረዶ ላይ በር መጠበቅ

ስለ አይስ ሆኪ በረኞች የሚወሩ አስገራሚ ታሪኮች ብዙ ናቸው። ፊቱ ተሰፍቶ፣ ጭምብል አጥልቆ ወደ ሜዳ የተመለሰው፤ ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ የሚያስመልሰው፤ ከራሱ በር አካባቢ መትቶ ጎል ያገባው፤ በ42 ዓመቱ ድንገት ተጠርቶ ያሸነፈው። እዚህ ቶሮንቶ ታዳጊ በረኞችን ስለማሠለጥን እነዚህን ታሪኮች ለልጆቹ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። የምነግራቸውም ሙያው ያለው እዚያው ታሪኮቹ ውስጥ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ታሪክ አንድ በረኛ ለገጠመው ችግር ያበጀው መላ ነው። ብዙዎቹም መጀመሪያ ላይ የተነቀፉ፣ አንዳንዶቹም በሕግ የተከለከሉ ነበሩ። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። የሆኪ በር 183 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የእግር ኳስ በር የዚህን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ወደዚህ ትንሽ በር የሚመጣው ፓክ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ክብ ነገር ነው። ወርዱ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ጥሩ መቺ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ያበርረዋል። በዚህ ፍጥነት ከአሥር ሜትር ርቀት የተመታ ፓክ በሩ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ አይፈጅበትም። አይቶ፣ አስቦ፣ እጅ ዘርግቶ ለመያዝ ጊዜ የለም። ስለዚህ በረኛው ሥራውን መጨረስ ያለበት ፓኩ ከመመታቱ በፊት፣ በአቋቋሙ ነው።

ይህንን ለልጆቹ የማሳያቸው በገመድ ነው። ሁለት ገመዶችን በሁለቱ ቋሚዎች ላይ አስሬ ጫፎቻቸውን ፓኩ ያለበት ቦታ ላይ አገናኛቸዋለሁ። አንዱን ልጅ የበሩ መስመር ላይ አቆመዋለሁ፤ በግራና በቀኙ በገመዱና በሰውነቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ይቀራል። “አሁን ወደ ፓኩ አንድ ጊዜ ተንሸራተት” እለዋለሁ። ሲወጣ ገመዶቹ ወደ ትከሻውና ወደ እግሩ እየተጠጉ ይመጣሉ፤ ትንሽ ከጨመረ ይነኩታል። ልጁ አልገዘፈም፣ በሩም አልጠበበም፤ የተለወጠው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው።

ቀጥዬ ሌላውን ልጅ ፓኩ አጠገብ በደረቱ አስተኝቼ በሩን ከዚያ እንዲያየው አደርጋለሁ። ጀማሪ በረኛ ፊቱን የሚያዞረው ወደ መቺው ሰውነት ነው። ፓኩ ግን ያለው በዱላው ጫፍ፣ ከሰውየው አካል ራቅ ብሎ ነው። መቺውን ፊት ለፊት የገጠመ በረኛ በፓኩ በኩል አንዱን ጥግ ከፍቶ ይቆማል። መሬት ላይ የተኛው ልጅ ያንን ክፍት ጥግ በዓይኑ ያየዋል። “ሰውየውን ተወው፣ ፓኩን ግጠም” የሚለው ምክሬ የሚገባቸው ያኔ ነው።

ከቦታ አያያዝ ቀጥሎ የሚመጣው መውረድ ነው። ዛሬ በረኛ ሁሉ በጉልበቱ ይወርዳል፤ የሰሜን አሜሪካው ዋና የሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል በ1917 ሲጀመር ግን ፓክ ለማዳን መውደቅ ያስቀጣ ነበር። የኦታዋው ክሊንት ቤኔዲክት ያዳለጠው እየመሰለ ደጋግሞ ስለወደቀ ሊጉ በጥር 1918 ሕጉን ለመለወጥ ተገደደ። ከእርሱ ቀደም ብሎ በካናዳ ኖቫ ስኮሻ በ1895 የተቋቋመው የጥቁሮች ሆኪ ሊግ በረኛ ሄንሪ ፍራንክሊን ፓክ ለማዳን በረዶው ላይ ይወርድ እንደነበር ይነገርለታል። በ1950ዎቹ ግሌን ሆል፣ ከዚያ ቶኒ ኤስፖሲቶ፣ በኋላም ከአሠልጣኙ ፍራንስዋ አሌር ጋር የሠራው ፓትሪክ ርዋ ይህን ዘዴ የቢራቢሮ አቋቋም ወደሚባለው አሳደጉት። ጉልበቶች ይገጥማሉ፣ ከጉልበት በታች ያሉት እግሮች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ በእግሮቹ ላይ የታሰሩት መከላከያዎች በረዶው ላይ ተኝተው የበሩን የታችኛውን ክፍል ይዘጋሉ። ርዋ በ1986፣ በ1993ና በ2001 የሊጉ ሻምፒዮን የሚለይበት የስታንሊ ዋንጫ ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል።

ጭምብሉም እንደዚሁ በትግል የመጣ ነው። ህዳር 1 ቀን 1959 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ የተቃራኒው ቡድን አንዲ ባትጌት የመታው ፓክ የሞንትሪያሉን በረኛ ዣክ ፕላንትን ፊቱ ላይ አገኘው። ፕላንት በልምምድ ጊዜ የሚያጠልቀው ጭምብል ነበረው። አሠልጣኙ ቶ ብሌክ ግን እይታውን ይጋርድበታል ብለው ስለሚያምኑ በጨዋታ ላይ እንዲያደርገው አይፈቅዱም ነበር። ፕላንት ቁስሉ ከተሰፋለት በኋላ ያለ ጭምብል አልመለስም አለ። በዚያን ዘመን ቡድኖች ተጠባባቂ በረኛ ስለማይዙ ብሌክ ምርጫ አልነበራቸውም። ሞንትሪያል 3 ለ 1 አሸነፈ፤ በቀጣዩ ዓመትም ዋንጫውን ወሰደ። እንዲያም ሆኖ አንዲ ብራውን እስከ 1974 ድረስ በኤንኤችኤል ያለ ጭምብል ተጫውቷል። አንድ ጥሩ ሐሳብ ሁሉንም ለማሳመን ይህን ያህል ዓመት ፈጀበት።

ፍርሃትም የሙያው አካል ነው። ግሌን ሆል ከ1955 እስከ 1962 በመደበኛው ውድድር 502 ጨዋታዎችን በተከታታይ፣ ያለ ጭምብል፣ አንድም ሳያመልጠው ቆሟል። ይኸው ሰው ከጨዋታ በፊት ያስመልሰው ነበር። ወላጆች “ልጄ ይፈራል፣ በረኛ አይሆንም” ሲሉኝ የምጠቅሰው እርሱን ነው። መፍራት በረኛን አይከለክልም። የሚከለክለው ፓኩ ሲመጣ ዓይንን መጨፈን ነው፤ እርሱም በልምምድ ይታረማል።

መሣሪያውንም ያሻሻሉት በረኞች ናቸው። ኤሚል ፍራንሲስ በ1940ዎቹ የቤዝቦል ጓንት ለሆኪ እንዲሆን አሠርቶ ሲመጣ ተቃውሞ ገጠመው፤ ሊጉ ግን ፈቀደለት። በእጁ መያዝ የሚችል በረኛ ፓኩን ተቃራኒ ተጫዋች እግር ሥር አይተፋውም። ዱላውን እንደ ተከላካይ የሚጠቀሙም መጡ። ሮን ሄክስታል በታህሳስ 1987 ቦስተን ተጨማሪ አጥቂ ለማስገባት በረኛዋን አስወጥታ በሯን ባዶ ስትተው ፓኩን ሜዳውን አሻግሮ መትቶ አገባ። በ691 ድልና ጎል ባልገባበት 125 ጨዋታ የሊጉን ክብረ ወሰን የያዘው ማርቲን ብሮዶር ደግሞ ከበሩ ጀርባ ፓክ በማቀበል በጣም የተካነ ነበር። ሊጉ ከ2005 ጀምሮ በረኞች ከበሩ ጀርባ ፓክ የሚነኩበትን ቦታ በመስመር ገደበ።

ለልጆቹ የመጨረሻ አድርጌ የማቆየው የዴቪድ ኤርስን ታሪክ ነው። የካቲት 22 ቀን 2020 እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥ ሁለቱም የካሮላይና ቡድን በረኞች በጨዋታ ላይ ተጎዱ። በሜዳው ለድንገተኛ ችግር የተመደበው የ42 ዓመቱ ኤርስ ተጠራ። እናቱ በሰጡት ኩላሊት የሚኖር፣ የበረዶ ማስተካከያ ማሽን ነድቶ የሚያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ሁለቱም ገቡበት። ከዚያ በኋላ የመጡትን ስምንቱን አዳነ፤ ካሮላይናም 6 ለ 3 አሸነፈች። ልጆቹ ስምንቱን ያደንቃሉ። እኔ የምጠቁማቸው ግን ሺህ ምት ከመለማመድ በላይ የሚከብደውን ነገር፣ ከሁለተኛው ጎል በኋላ ለሦስተኛው ምት በትክክለኛው ቦታ መቆምን ነው።

በብርዳማ አገር ልጅ ለምታሳድጉ ወገኖቼ አንድ ቃል አለኝ። ግራንት ፉር በ1984 የስታንሊ ዋንጫን ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር በረኛ ነው። ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ ወስዶ በ2003 የሆኪ የዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኗል። ይህ ጨዋታ የእኛ አይደለም አትበሉ። የበረኛ ዕቃ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ የሰፈር ክለቦች ለጀማሪ በረኞች ያውሳሉና ጠይቁ። ልጃችሁ በሩ ላይ ልቁም ካለ ፍቀዱለት፤ ልታዩት ስትሄዱም የገባበትን ጎል አትቁጠሩ፤ ፓኩ ከመመታቱ በፊት የት እንደቆመ ተመልከቱ።